ድረ ገጽ በማን ጥያቄ ይደራጅ?



ዛሬ የምናገረው ስለ ድረ ገጽ አደረጃጀት ነው። ቀለሙን፣ ፎቶግራፉንና ኮዱን ለሌላ ቀን ትተን፣ ምን ከምን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ምን በምን ሥር እንደሚገባ፣ ሰው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚወሰንበትን ሥራ እናያለን። የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት በምክንያት ነው፤ ኋላ እንደርስበታለን።

በማርች 1989 ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሲሠራ ለአለቆቹ አንድ ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበ። ዛሬ ድረ ገጽ የምንለው ሁሉ የተፀነሰው በዚያ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የሚነሣው ከአንድ ብሶት ነው። ሰርን ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ይሄዳሉ፤ ሲሄዱ እውቀታቸውም አብሯቸው ይሄዳል። አዲስ የመጣው ሰው የቀደመው የሠራውን ለማግኘት ማንን እንደሚጠይቅ እንኳ አያውቅም። ሰነድ ለማስቀመጥ ይሠራበት የነበረው ዘዴ ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የዛፍ ቅርጽ ነበረው፤ እያንዳንዱ ሰነድ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። በርነርስ ሊ ይህ አይበቃም አለ። ወረቀት ላይ ያለው የሥልጣን ተዋረድ ሰዎቹ በተግባር የሚመካከሩበትን መንገድ አያሳይም ብሎ ተከራከረ። በቁልፍ ቃል መፈለግም ብቻውን እንደማያዋጣ አስረዳ፤ ሁለት ሰዎች ለአንድ ነገር አንድ ዓይነት ቃል አይመርጡምና።

በዚያ ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለውን ሥዕል ፈልጋችሁ እንድታዩት እለምናችኋለሁ። ክቦችና ሳጥኖች አሉ፤ በመካከላቸው ቀስቶች ይመላለሳሉ፤ በየቀስቱ ላይ ግንኙነቱ ምን እንደሆነ ተጽፏል፦ ይህ ያንን ይገልጻል፣ ይህ ወደዚያ ያመለክታል፣ ይህን የጻፈው እሱ ነው። አለቃው ማይክ ሴንዳል፣ ሐሳቡ ገና ያልጠራ ቢሆንም ልብ የሚስብ መሆኑን በገጹ አናት ላይ በእጁ ጻፈበት። ሰው ሁሉ የሚያነሣው ያንን ማስታወሻ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሥዕሉ ነው። አንድም ገጽ ሳይሠራ፣ አንድም መስመር ኮድ ሳይጻፍ፣ የነገሩ ቅርጽ ሌላ ሰው አይቶ ሊጠይቅበትና ሊከራከርበት በሚችል መልክ ወረቀት ላይ ሰፍሯል።

የዛሬው ነገሬም ከዚህ ይነሣል። ድረ ገጽ በጠያቂው ጥያቄ መደራጀት አለበት። ይህ የሚሆነውም አደረጃጀቱ አስቀድሞ ወረቀት ላይ ወጥቶ፣ ኃላፊውም ጸሐፊውም ፕሮግራመሩም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲከራከሩበት ብቻ ነው።

በተግባር የምናየው ሌላ ነው። የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ድረ ገጽ ክፈቱ። ማውጫው «ስለ እኛ» ብሎ ይጀምራል። ሥሩ ራእይ፣ ተልእኮና እሴቶች ይደረደራሉ። ቀጥሎ የኃላፊው መልእክት ከነፎቶግራፉ፣ ቀጥሎ መዋቅር፣ ቀጥሎ የዳይሬክቶሬቶች ዝርዝር። የምትፈልጉትን ቅጽ ለማግኘት ቅጹ የየትኛው ዳይሬክቶሬት እንደሆነ ማወቅ ይጠበቅባችኋል። ያንን የሚያውቅ ደግሞ እዚያው የሚሠራ ሰው ነው፤ እሱ ድረ ገጹን አይፈልገውም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ሜልቪን ኮንዌይ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ተቋም የሚነድፈው ሥርዓት የተቋሙን የውስጥ መነጋገሪያ መንገድ መምሰሉ እንደማይቀር አመለከተ። በሙያው ያሉ ሰዎች «የኮንዌይ ሕግ» ይሉታል። ሁለት የሥራ ክፍሎች የማይነጋገሩ ከሆነ ገጾቻቸውም አይነጋገሩም። የመጀመሪያው ክፍል ገጽ ላይ ጉዳዩን የጀመረ ሰው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው ሊንክ አያገኝም፤ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ድረ ገጽ ስታዩ የሠራውን ወጣት ለመውቀስ አትቸኩሉ። የተሰጠው የመሥሪያ ቤቱ መዋቅር ነበር፤ የተሰጠውን ሠራ።

ሌላ ዓይነት አደረጃጀት እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ መርካቶን አስቡ። ሸማ ተራ፣ ጫማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ሱቁ የማን እንደሆነ፣ ባለሱቁ ግብሩን የት እንደሚከፍል ገበያተኛው አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። የሚፈልገውን ዕቃ ስም ይዞ ይሄዳል፤ ስሙም ወደ ተራው ያደርሰዋል።

አሁን ይህን በትልቅ ደረጃ የሞከረ አንድ አገር ልጥቀስ፤ ጉዳዩ በደንብ ተመዝግቦ ስለሚገኝ ለትምህርት ይመቻል። በ2010 የብሪታንያ መንግሥት ማርታ ሌን ፎክስ የተባለችን የኢንተርኔት ንግድ ባለሙያ የመንግሥትን ዋና ድረ ገጽ መርምራ ሐሳብ እንድታቀርብ ጠየቃት። ዳይሬክትጎቭ የተባለ የዜጎች ድረ ገጽና ቢዝነስ ሊንክ የተባለ የነጋዴዎች ድረ ገጽ ነበሩ፤ ከእነሱ ሌላ እያንዳንዱ ሚኒስቴርና ኤጀንሲ የየራሱ ነበረው። ሌን ፎክስ ለሚኒስትሩ ለፍራንሲስ ሞድ በጻፈችው ደብዳቤ ጥገና እንደማይበቃ፣ ነገሩ ከሥሩ መለወጥ እንዳለበት፣ ሕዝብ በኢንተርኔት የሚያየውን ሁሉ የሚቆጣጠር ሥልጣን ያለው አንድ ማዕከላዊ ቡድን እንደሚያስፈልግ አሳሰበች። በ2011 ቡድኑ ተቋቋመ፤ በኦክቶበር 17 ቀን 2012 ጎቭ ዶት ዩኬ የተባለው ድረ ገጽ ዳይሬክትጎቭንና ቢዝነስ ሊንክን ተክቶ ተከፈተ። በ2014 መጨረሻ ከ300 በላይ የመንግሥት አካላት ወደዚያው ተጠቃለው ነበር።

ይህ ቡድን ሥራውን የጀመረበት መንገድ ነው ለእኛ ትምህርት የሚሆነው። እያንዳንዱን ሚኒስቴር «ምን ማውጣት ትፈልጋለህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ሰው ወደ መንግሥት የሚመጣባቸውን ጉዳዮች መዘገበ። እያንዳንዱ ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፦ እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ማወቅ ወይም ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው። ገጽ የሚኖረው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲኖረው ብቻ ነው። ቡድኑ በ2012 የሥራ መርሆዎቹን በይፋ ሲያወጣ የመጀመሪያው መርሕ ከተጠቃሚው ፍላጎት ጀምር የሚል ነበር፤ የመንግሥት ፍላጎት ከዚያ እንደሚለይም በግልጽ አስቀመጠ።

ለምሳሌ የጎቭ ዶት ዩኬን የዓመት በዓላት ገጽ ውሰዱ። ሰው ይህን ገጽ የሚከፍተው ቀጣዩ የሥራ ዝግ ቀን መቼ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ስለዚህ ገጹ ሲከፈት ያ ቀን ከሁሉ በላይ በትልቁ ተጽፎ ይታያል። እንግሊዝና ዌልስ፣ ስኮትላንድ፣ ሰሜን አየርላንድ የተለያየ የበዓል ቀን ስላላቸው ለየብቻ ተቀምጠዋል። የበዓላት ሕግ ታሪክ፣ የሚኒስትሩ መልእክት፣ የእንኳን አደረሳችሁ ፎቶግራፍ የለም። ሰው አይቶ ይሄዳል። ይህ ያለ ጌጥ የተሠራ ድረ ገጽ በ2013 የለንደን ዲዛይን ሙዚየም በየዓመቱ ይሰጠው የነበረውን የዓመቱ ምርጥ ዲዛይን ሽልማት ወሰደ፤ ከሕንፃና ከመኪና፣ ከልብስና ከዕቃ ጋር ተወዳድሮ።

ከዚህ የሚከብደው ጉዳዩ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሲያልፍ ነው። በብሪታንያ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚነሣ ወጣት የመለማመጃ ፈቃዱን ከአንድ ኤጀንሲ ይወስዳል፤ የጽሑፍና የተግባር ፈተናውን የሚፈትነው ግን ሌላ ኤጀንሲ ነው። ልጁ የሚያስበው ስለ አንድ ነገር ነው፦ መኪና መንዳት። በ2018 ጎቭ ዶት ዩኬ እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን በደረጃ የተቀመጡ የጉዞ ገጾች አደረጋቸው። መጀመሪያ መንዳት ትችል እንደሆነ አረጋግጥ፣ ከዚያ የመለማመጃ ፈቃድ አውጣ፣ ከዚያ ለጽሑፍ ፈተናው ተዘጋጅ እያለ እስከ መጨረሻው ይወስደዋል። የትኛው ደረጃ የየትኛው ኤጀንሲ እንደሆነ ልጁ ሳያስበው ያልፈዋል። እኔ ከዚያ ሁሉ ሥራ አብልጬ የምወደው ይህን ነው፤ ሁለት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ገጽ ላይ ቅደም ተከተል ለመስማማት ምን ያህል ስብሰባ እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው ያደንቀዋል።

ሁሉም ግን አልሠመረም። ከ300 በላይ ተቋማት ሰነዶቻቸውን ጭነው ሲመጡ ድረ ገጹ አበጠ። የየተቋሙ ርዕስ አሰጣጥ የተለያየ ስለነበር አመዳደቡ ተምታታ፤ ቡድኑም ሁሉንም በአንድ የርዕስ ሥርዓት ለማስገባት እንደገና ዓመታት የፈጀ ሥራ ውስጥ ገባ። አደረጃጀት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሥራ አይደለም፤ በበላይነት የሚጠብቀው ሰው ካልተመደበለት በየቀኑ በሚጨመረው ገጽ ይፈርሳል።

እንግዲህ የጠያቂውን ጥያቄ እንዴት እናገኘዋለን? በጣም ቀላል መሣሪያ አለ፤ ካርድ ነው። ድረ ገጹ ሊይዛቸው የሚገቡትን ጉዳዮች አንድ በአንድ በትንንሽ ወረቀቶች ላይ ጻፉ። ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያሉ ሰዎችን ለየብቻ ጥሩና የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ እንዲያስቀምጡ፣ ለእያንዳንዱ ክምርም ስም እንዲያወጡለት ጠይቁ። ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ የሚያጉረመርሙትን ጻፉ። ያኮብ ኒልሰን የተባለው የዚህ ሙያ ታዋቂ ሰው በ2004 እንደመከረው 15 ሰው ያህል ይበቃል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ወጪው ወረቀትና ሻይ ነው።

ይህን ስታደርጉ ሁለት ነገር ትማራላችሁ። አንደኛው አከፋፈሉ ነው፤ ሁለተኛው ቃሉ። መሥሪያ ቤቱ «የወሳኝ ኩነት ምዝገባ» ይላል፤ ሰዉ «የልደት ካርድ» ይላል። የሕግ ስሙ ገጹ ውስጥ በትክክል ይጻፍ፤ ሕግ ነውና። ማውጫው ላይ ግን ሰው የሚፈልገው በሚያውቀው ቃል ነው። ፒተር ፒሮሊና ስቱዋርት ካርድ የተባሉ የዜሮክስ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ፣ ሰው መረጃ ሲፈልግ አራዊት ምግብ ሲፈልጉ እንደሚያደርጉት በጠረን ይመራል የሚል ንድፈ ሐሳብ አቅርበዋል። የሊንኩ ቃል የሚፈልገውን ነገር የሚጠቁመው ከሆነ ይቀጥላል፤ ጠረኑ ከጠፋበት ተመልሶ ይወጣል።

ቀጥሎ አከፋፈላችሁን ፈትኑት። አውስትራሊያዊቷ ዶና ስፔንሰር በ2003 ያስተዋወቀችው ዘዴ አለ። ማውጫውን ብቻ፣ ያለ ምንም ሥዕልና ቀለም፣ በካርድ ላይ በየደረጃው ትጽፋላችሁ። «የልጅህ የልደት ካርድ ጠፍቶብሃል፤ የት ትሄዳለህ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ሰውየው ከአንደኛው ደረጃ አንዱን ይመርጣል፤ ሥሩ ያለውን ታሳዩታላችሁ፤ እንደገና ይመርጣል። አምስት ሰው በተመሳሳይ ቦታ ከተሳሳተ ስሕተቱ የማውጫው ነው። ይህን በወረቀት ማወቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል። ድረ ገጹ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ማወቅ ግን ሌላ በጀት፣ ሌላ ጨረታ፣ ሌላ ዓመት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ አጉል ሕጎችን ላንሣ። የመጀመሪያው ማውጫ ከሰባት በላይ ምርጫ ሊኖረው አይገባም የሚለው ነው። ምንጩ ጆርጅ ሚለር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1956 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ሚለር የጻፈው ሰው በአእምሮው ለአጭር ጊዜ ስለሚይዘው ብዛት ነው። ማውጫ ዓይን ፊት ያለ ነገር ነው፤ ማንም በቃሉ አይዘውም። በ1998 ኬቨን ላርሰንና ሜሪ ቸርዊንስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች 512 ገጾችን በተለያየ መንገድ ደርድረው ሰዎችን ፈተኑ። በአንደኛው አደራደር በእያንዳንዱ ደረጃ ስምንት ምርጫ ሆኖ ሦስት ደረጃ ይወረዳል። በሌሎቹ ሁለት ደረጃ ብቻ ሆኖ በአንዱ መጀመሪያ 16 ቀጥሎ 32፣ በሌላው መጀመሪያ 32 ቀጥሎ 16 ምርጫ ይቀርባል። ሰዉን ያዘገየው ባለ ሦስት ደረጃው ነበር። ሁለተኛው አጉል ሕግ ማንኛውም ነገር በሦስት ክሊክ መገኘት አለበት የሚለው ነው። ሰውን የሚያስመርረው ከክሊኩ ብዛት ይልቅ ወዴት እንደሚሄድ አለማወቁ ነው። በትክክለኛው መንገድ ላይ መሆኑን እያየ አምስት ጊዜ ቢጫን አይከፋውም።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንመለስ፤ ያሰብነውን ለሌላ ሰው የምናሳይበት እሱ ነው። ጄሲ ጄምስ ጋሬት የተባለ አሜሪካዊ በ2000 የድረ ገጽን አደረጃጀት ለመሣል የሚያገለግሉ ምልክቶችን አዘጋጅቶ ለማንም በነፃ አቀረበ። አንድ ገጽ አራት ማዕዘን ነው። ተመሳሳይ ገጾች ብዙ ሲሆኑ፣ ለምሳሌ ሁለት መቶ የዜና ገጾች፣ የተደራረበ አራት ማዕዘን ይሆናሉ። ከገጽ ወደ ገጽ የሚያደርሰው መንገድ መስመር ነው፤ በሁኔታ ብቻ የሚከፈት መንገድ የተቆራረጠ መስመር ይሆናል፤ ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ በሹል ጫፉ የቆመ የአልማዝ ቅርጽ ነው። ጋሬት በተለይ የተጨነቀበት ነገር፣ ምልክቶቹ ማንም ሰው ነጭ ሰሌዳ ላይ በእጁ ሊሥላቸው የሚችሉ ቀላል እንዲሆኑ ነው። ውድ ሶፍትዌር ያለው ሰው ብቻ የሚሥለውን ካርታ የስብሰባው ተሳታፊ ተነሥቶ ሊያርመው አይችልም።

ካርታው አንድ ቢሆንም ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አያነበውም። የተቋሙ ኃላፊ ማየት ያለበት አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ሁለት ደረጃ ነው፤ ትልልቆቹ በሮች ምን ምን እንደሆኑና ለምን እነዚህ እንደተመረጡ። ፕሮግራመሩ የእያንዳንዱን ገጽ ቁጥር፣ የተቆራረጡትን መስመሮች፣ መታወቂያና የይለፍ ቃል የሚጠየቅበትን ቦታ ይፈልጋል። ጽሑፍ አዘጋጁ ደግሞ ሥዕል አይበቃውም፤ የገጾቹ ዝርዝር በሰንጠረዥ ያስፈልገዋል፦ የገጹ ቁጥር፣ ርዕሱ፣ የሚመልሰው ጥያቄ፣ ጽሑፉን የሚያመጣው ሰው፣ ዳግም የሚታይበት ቀን። ይህን ሰንጠረዥ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ድረ ገጾች «በቅርብ ቀን ይጠብቁን» በሚሉ ባዶ ገጾች የሚሞሉት ግን እሱ ስለማይሠራ ነው። ሳጥን ተሥሎ ሳጥኑን የሚሞላው ሰው ሳይታወቅ ሥራው ይጀመራል።

ካርታውን በኢሜይል ልካችሁ «አስተያየት ካላችሁ» አትበሉ። ማንም አይከፍተውም፤ የከፈተውም የክፍሉን ስም ፈልጎ ካገኘ ይዘጋዋል። ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ሰዎቹን አቁሙና በጣታችሁ እየተከተላችሁ የአንድ ሰው ጉዞ ተርኩላቸው። ለምሳሌ እንዲህ፦ ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን አለች። ፓስፖርቷ ጊዜው ሊያልፍ ነው። የእረፍት ሰዓቷ አጭር ነው፤ ያላት ስልክ ነው፤ ኢንተርኔቱንም በካርድ ነው የምትሞላው። ማወቅ የምትፈልገው ምን ምን ሰነድ ይዛ እንደምትሄድ፣ ስንት እንደምትከፍል፣ በየትኛው ቀን እንደምትሄድ ነው። ከየት ትገባለች? ከፍለጋ ወይም ጓደኛዋ ከላከችላት ሊንክ ነው፤ መነሻ ገጹን ላታየው ትችላለች። የገባችበት ገጽ የት እንዳለች ይነግራታል? ክፍያው የተጻፈው እዚያው ነው ወይስ ሌላ ፋይል ማውረድ አለባት? ፓስፖርቷ ከነጭራሹ ከጠፋ ወደ ሊሴ ፓሴ፣ ማለትም ወደ ጊዜያዊው የጉዞ ሰነድ፣ የሚወስዳት መስመር አለ? ይህን ስትተርኩ ከተሰበሰቡት አንዱ «ቆይ፣ ይህ መስመር የለም» ይላል። ካርታው የተሠራው ለዚያች ቅጽበት ነው።

ሌላም ልምከር። አደረጃጀቱ ሳይጸድቅ ባለቀለም የገጽ ናሙና አታሳዩ። ባለቀለም ናሙና ያየ ስብሰባ ስለ አርማው መጠንና ስለ አረንጓዴው ድምቀት ሲነጋገር ያመሻል። መጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ሳጥን ብቻ ይቅረብ፤ ቀለም የሌለው ነገር ስለ ቀለም አያከራክርም።

አሁን በተለይ በአማርኛ ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ሊያስባቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ፤ ከውጭ መጽሐፍ አይገኙም። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የአማርኛ ጽሑፍ በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ ይነበባል፤ በፍለጋም ይገኛል። ይህን ዕድል የምናባክነው ማስታወቂያውን በፎቶግራፍ አንሥተን ወይም የታተመውን ደብዳቤ ስካን አድርገን ስንለጥፍ ነው። ያ ምስል ነው፤ በፍለጋ አይገኝም፤ ማየት የተሳነው ሰው የሚጠቀምበት አንባቢ ሶፍትዌር አያነበውም፤ የዚያች እህታችንን ካርድም ይበላል።

ፍለጋን ካነሣን፣ አንዱ «ሥራ» ሌላው «ስራ»፣ አንዱ «ዓመት» ሌላው «አመት» ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው አጻጻፍ የቱ ነው የሚለው የሊቃውንት ክርክር ነው፤ የድረ ገጹ ፍለጋ ግን ሁለቱንም አንድ አድርጎ መቀበል አለበት። በፊደል ተራ የተደረደረ የአገልግሎት ዝርዝር ስታዘጋጁም ሀ መጀመሪያ፣ ሐ ሦስተኛ ቦታ ላይ፣ ኀ ከቸ በኋላ መሆኑን አስቡ። ፈላጊው ከሦስቱ በየትኛው እንደሚሄድ አታውቁም፤ ስለዚህ በሦስቱም ቦታ ጠቋሚ ይኑር። ዘመኑም እንዲሁ ነው። «የ2016 መመሪያ» የሚል ርዕስ የትኛው 2016 ነው? በእኛና በአውሮፓው አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ፤ አንድ ነጋዴ የተሻረ መመሪያ ይዞ ሊቀርብ ይችላል። መዝገብ ቤቱ በዓመት የሚከፋፈል ከሆነ አቆጣጠሩ በየርዕሱ ላይ ይጻፍ። ቋንቋ መቀየሪያውም ሰውን ወደ መነሻ ገጽ አይመልሰው። በእንግሊዝኛ የንግድ ፈቃድ እድሳት ገጽ ላይ ቆሞ «አማርኛ» ወይም «አፋን ኦሮሞ» የሚለውን የተጫነ ሰው፣ ያንኑ ገጽ በመረጠው ቋንቋ ማግኘት አለበት። ይህ የሚቻለው ገና በካርታው ላይ እያንዳንዱ ሳጥን በየቋንቋው ጥንድ እንዲኖረው ከታቀደ ነው።

የገጽ አድራሻም የአደረጃጀቱ ክፍል ነው። በርነርስ ሊ በ1998 ባወጣው ጽሑፍ አድራሻ መለወጥ እንደሌለበት አጥብቆ መክሯል፤ የሥራ ክፍል ስም፣ የጸሐፊ ስም፣ የቴክኖሎጂው ዓይነት አድራሻው ውስጥ እንዳይገቡም አሳስቧል፤ እነዚህ ሁሉ የሚለወጡ ናቸውና። በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ስሙ ሲለወጥ፣ ሲዋሐድና ሲከፈል እናያለን፤ በእያንዳንዱ ለውጥ አሮጌው ድረ ገጽ ይዘጋል፤ በደብዳቤ፣ በመጽሐፍና በጋዜጣ ላይ የተጻፈው አድራሻ ሁሉ ይሞታል። ጎቭ ዶት ዩኬ ሲከፈት የአሮጌዎቹ ድረ ገጾች አድራሻዎች ወደ አዲሶቹ ገጾች እንዲመሩ ተደርጓል፤ አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን የተረሳ ሰው እንዳይኖር ያደርጋል። ለፍለጋ ሞተሮች የሚዘጋጅ ካርታም አለ፤ ጉግል በ2005 ያወጣው፣ በቀጣዩ ዓመት ያሁና ማይክሮሶፍትም የተቀበሉት የፋይል ዓይነት ነው፤ በአንድ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ይይዛል። ማሽኑ ገጾቻችሁን እንዲያገኛቸው ይረዳል፤ የተምታታን አደረጃጀት ግን አያስተካክልም።

የመጨረሻው ጉዳዬ ገንዘብ ነው፤ ነገሩ የሚወሰነው እዚያ ስለሆነ። ድረ ገጽ ለማሠራት ጨረታ ሲወጣ ቢጋሩ ላይ የሚጻፈው ዘመናዊ፣ ማራኪ፣ ለስልክ የሚመች የሚል ነው። ለአደረጃጀቱ የተመደበ ጊዜና ክፍያ የለም። ስለዚህ ተጫራቹ አይሠራውም፤ ቢሠራውም ከኪሱ ነው። ከእናንተ መካከል ቢጋር የምታዘጋጁ፣ ጨረታ የምትገመግሙ፣ ወይም በቦርድ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ እነዚህን እንድታስገቡ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ሥራ ተቋራጩ ከቀለምና ከኮድ በፊት የተገልጋዮችን ጥያቄ ዝርዝር ያቅርብ። ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ባሉ ሰዎች የተፈተነ የማውጫ ካርታ፣ ከነፈተናው ውጤት፣ ያስረክብ። የገጾቹ ሰንጠረዥ የእያንዳንዱን ገጽ ባለቤት በሥራ መደቡ ይጥቀስ። የአሮጌው ድረ ገጽ አድራሻዎች በሙሉ ወዴት እንደሚመሩ በዝርዝር ይቅረብ። የመጀመሪያው ዙር ክፍያም ከዚህ ርክክብ በኋላ ይፈጸም።